የመያዣውን ሳጥን ባዶ ለተወች ተማሪ ስንት ነጥብ ይሰጣል?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ዳኝነቴን በጥርጣሬ አንብቡልኝ። ሠላሳ አንድ መልስ ተጽፎበታል። ዘግይተው የመጡ አባላት ከላይ እስከ ታች ማንበቡ አድካሚ ሆነብን ስላሉ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ልተርከው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። በምዕራብ ካናዳ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ፋኩልቲ በረዳት መምህርነት እሠራለሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጨረሻ ትንሽ የንግድ ዕቅድ ያዘጋጁና ከባንክ እንደሚበደር ሰው ሆነው የብድር ማመልከቻ ይሞላሉ። ቅጹ ላይ «ለብድሩ መያዣ የሚቀርብ ንብረት» የሚል ሳጥን አለ፤ ከሃያው ነጥብ ስምንቱ የእሱ ነው። በሰሜን ሳስካችዋን ከሚገኝ ሪዘርቭ፣ ማለትም ለነባር ሕዝቦች ከተከለለ መሬት፣ የመጣች፣ ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆነው የክሪ ሕዝብ ተወላጅ የሆነች አንዲት ተማሪ ከአጎቷ ጋር የስኖሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) እና የጀልባ ሞተር መጠገኛ ለመክፈት ያቀደችበትን ወረቀት አስገባች። ጥሩ ወረቀት ነበር። በመንደሯ ስንት ሞተር እንዳለ ቤት ለቤት ዞራ ቆጥራለች። ቅርብ የሚባለው ጠጋኝ ዘንድ ለመድረስ አራት ሰዓት መንዳት እንደሚያስፈልግ፣ አንድ ካርቡሬተር አስጠግኖ ለመመለስ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚፈጅ ሳይቀር አስልታለች። የመያዣው ሳጥን ውስጥ ግን አንዲት ሰረዝ ብቻ አስምራ አልፋለች። ስምንቱንም ነጥብ ወሰድኩባት።

ቢሮዬ መጥታ ቤትስ እንዳላቸው፣ ባንክ ግን ሊይዘው እንደማይችል ነገረችኝ። እኔ ካናዳ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ካርታ ያልያዘ፣ ሊብሬ ያላመጣ፣ ዋስ የሌለው ሰው ዕቅዱ ወርቅ ቢሆን እንኳ ከጠረጴዛዬ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ነጥቡ ይመለስላት ወይስ አይመለስላት ብዬ መድረኩን ጠየቅኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ፋኩልቲው ለነባር ሕዝቦች ተማሪዎች የተለየ ወንበር ይይዛል፣ አማካሪ ይመድባል፣ የሚሰባሰቡበት ክፍልም ሰጥቷቸዋል፤ በዚህ ላይ መመዘኛውም ከተለየ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። ጣጣውን ያመጣው ይህ ጭማሪ ነው።

ቁጥር 1 ካልጋሪ ከሚኖሩ አንድ አንጋፋ የሒሳብ ባለሙያ መጣ፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ ባንክ ያለ መያዣ እንደማያበድርና ተማሪዋም ይህን ከወዲሁ ብታውቀው ለራሷ እንደሚበጃት ጻፉ። ያልነበራትን ንብረት ፈጥራ ስላልጻፈች ግን ለሐቀኝነቷ ግማሹ ቢመለስላት እንደማይከፋ በትሕትና አከሉ። ቁጥር 2 በአንድ መስመር በጋሼ ተስማማ።

ቁጥር 3 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ጸሐፊዋ ዊኒፔግ ውስጥ በጥብቅና የምትሠራ ናት። እንዳስረዳችው፣ በ1876 የወጣውና እየተሻሻለ እስከ ዛሬ የሚሠራው «ኢንዲያን አክት» (ሕጉ ዛሬም ሰዎቹን የሚጠራው በዚያ ቃል ነው) በአንቀጽ 89 ግልጽ ክልከላ አስቀምጧል። በሪዘርቭ ላይ ያለን ንብረት፣ የግለሰብም ይሁን የማኅበረሰቡ፣ ከራሳቸው ወገን ያልሆነ ማንም በመያዣነት ሊይዘው ወይም ለዕዳ ሊያስከብረው አይችልም። መሬቱ ራሱ በስም የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥት፣ ነው። የሕጉ ሐሳብ መሬቱ በዕዳ እየተሸነሸነ ከእጃቸው እንዳይወጣ መጠበቅ ነበር፤ ጠብቋልም። ያው አጥር ግን ባንኩንም ከውጭ አስቀርቶታል። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ ቤት ሠርቶ ሃያ ዓመት ቢኖርበት፣ በዚያ ቤት ተበድሮ የመፍቻ ስብስብ እንኳ መግዛት አይሆንለትም። በጠበቃዋ አስተያየት፣ ከክፍሉ ሁሉ ቅጹን በትክክል የሞላችው ሰረዝ ያሰመረችው ልጅ ናት። መልሷን የዘጋችው ቅጼ የሚፈትነው የብድር ዕውቀትን ነው ወይስ ቤት መኖርን ብላ በመጠየቅ ነበር።

ጋሼ በቁጥር 4 ተመለሱ። ይህን ያህል ዘመን በሒሳብ ሥራ ሲኖሩ ይህን አንቀጽ ልብ ብለውት እንደማያውቁ ጽፈው፣ ግማሹን ወደ ሙሉ አሳደጉት። እንዲህ ያለ ሰው በመድረካችን ላይ ብርቅ ነው።

ቁጥር 5 ቶሮንቶ ውስጥ የምትማር ወጣት ናት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌሎቹ ተማሪዎች ሳጥኑ ውስጥ ምን ጻፉ? ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥቼ ቆጠርኩና በቁጥር 6 መለስኩ። ከሠላሳ አራቱ ሃያ ስድስቱ የወላጆቻቸውን ቤት ጽፈዋል። አምስቱ መኪና፣ አንዱ የአያቱን እርሻ። ወላጆቹ ተስማምተው እንደሆነ የገለጸ አንድም ተማሪ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ለሁሉም ስምንት ከስምንት ሰጥቻለሁ። አንዱ ልጅ የጊታር ስብስቡን ጻፈ፤ ለእሱ ደግሞ አራት። ለምን አራት እንደሆነ ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

ከዚህ በኋላ ነው የጨመርኩት ዓረፍተ ነገር እሳት የሆነው። ቁጥር 7 የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነው፤ አገር ቤት መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ ዲግሪው አልታወቀለትም። እነዚህ ሰዎች ግብር አይከፍሉም፣ ትምህርት በነጻ ነው፣ የእኛ ልጆች ግን በዕዳ ይማራሉ፤ እኛ በአንድ ሻንጣ መጥተን ማንም ወንበር አልያዘልንም ብሎ በምሬት ጻፈ። ቃላቱን ላለዝብ ብዬ ነው እንጂ ከዚህ የከረሩ ነበሩ።

ቁጥር 8 በአንድ ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ድጋፍ ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠሩ እናት ናቸው። ሳይቆጡ፣ ነገር ግን ነጥብ በነጥብ መለሱለት። ከግብር ነጻ የሚሆነው በሪዘርቭ ላይ ያለ ንብረትና እዚያ የተገኘ ገቢ ነው፤ ከተማ ውስጥ ኖሮ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንደ ማንኛችንም ይከፍላል። ሜቲሶችና ኢንዊቶች የሚባሉት ሌሎቹ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ያቺም ነጻነት የለቻቸውም። የትምህርቱ ገንዘብ ከፌዴራል መንግሥት ወጥቶ በማኅበረሰቦቹ አስተዳደር በኩል ይከፋፈላል፤ ከ1996 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ዕድገቱ በዓመት ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ተገድቦ ስለነበር፣ የሕዝቡ ቁጥርና የትምህርት ክፍያው ሲያድግ ገንዘቡ ባለበት ቀረ። ማኅበረሰቦቹ ከራሳቸው ልጆች መካከል ዘንድሮ ማን ይሂድ፣ ማን ይቆይ እያሉ ስም ዝርዝር ለመያዝ ተገደዱ። እናታችን የስልክ መስመር ላይ ሆነው ተራው አልደረሰልኝም የሚል ተማሪ ስንቴ እንዳጽናኑ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው ብለው ጨረሱ። አሽከርካሪው በቁጥር 9 አልረካም፤ እሺ፣ ግን ወንበሩስ? የሚል ነበር መልሱ።

ቁጥር 10 የክሩ ረጅሙ ነው። ጎንደር ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ኦታዋ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ጻፉት። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳነበው መውረጃዬን አለፍኩ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

መምህሩ የጀመሩት ከስንዴ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ጎሽ ከሜዳማው ምዕራብ ከጠፋ በኋላ፣ በሪዘርቭ ላይ የነበሩ ክሪዎችና ሌሎች ሕዝቦች እርሻ ይዘው ነበር፤ አንዳንዶቹም ለገበያ የሚተርፍ ማምረት ጀምረው ነበር። ከ1889 እስከ 1897 መንግሥት የተከተለው ፖሊሲ ግን ማሽን እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ከ«አረመኔነት» በአንድ ዝላይ ወደ ዘመናዊ ገበሬነት መሻገር አይቻልም፤ መጀመሪያ በትንሽ ማሳ፣ በእጅ መሣሪያ የሚያርስ ደሃ ገበሬ መሆን አለባቸው የሚል ንድፈ ሐሳብ ነበረው። ጎረቤቱ ነጭ ሰፋሪ በፈረስ በሚጎተት ማጨጃ ሲያጭድ እሱ በማጭድ። መምህሩ እዚህ ላይ ማጭድ ለእኛ የሚነገረን ነገር እንዳልሆነ፣ ሰኔ የዘራውን ኅዳር በማጭድ ሲያጭድ ያደገ ሰው ውርጭ ሰብሉን ሲቀድመው ምን እንደሚሰማው እንደሚያውቅ በቅንፍ ጽፈዋል።

በዚህ ላይ የፈቃድ ወረቀቱ አለ። ገበሬው የራሱን ስንዴ፣ የራሱን ድርቆሽ፣ የራሱን በሬ ከሪዘርቭ አውጥቶ ለመሸጥ ከመንግሥት ወኪሉ የተጻፈ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ወኪሉ ከሌለ ወይም ካልወደደ ገበያው አለፈ። ድንጋጌው ከጊዜ በኋላ ሥራ ላይ መዋሉ ቢቀርም ከሕግ መጽሐፉ የተሰረዘው በ2014 ነው። ቀጥለው ከ1927 እስከ 1951 ለመሬት ክርክር ጠበቃ ለመቅጠር ያለ መንግሥት ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ ወንጀል እንደነበር ጻፉ። ለእኛ ሲተረጎም፣ ጠበቃ ለማቆም ዕቁብ መጣል ያስከስሳል ማለት ነው። የመጨረሻውን ነገር ለተማሪዋ ጉዳይ ያስቀመጡት ይመስለኛል። በ1876ቱ ሕግ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያገኘ የነባር ሕዝብ አባል እንደ ነጭ ዜጋ ተቆጥሮ በሕግ ከወገኖቹ መዝገብ ይወጣ ነበር። በኋላ በፈቃደኝነት እንዲሆን ቢሻሻልም መልእክቱ ደርሷል፤ ወይ ዲግሪህን ወይ ወገንህን። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ሕፃናት ከቤተሰባቸው ተነጥለው ያለፉባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች መምህሩ በአንድ መስመር ብቻ አነሱና በሌሊት ስለዚያ መጻፍ እንደማይችሉ ገልጸው ተዉት።

ከቁጥር 11 እስከ 14 ያለው ክርክር ስለ ቃል ነው፤ ቶሎ ልለፈው። አንዱ «ነባር ሕዝቦች» ማለቴ አልጣመውም። ሌላዋ «አገር በቀል» የሚባለው ወይራና ጽድ ነው እንጂ ሰው አይደለም አለች። «ቀደምት» ቢባልም የሞቱ ያስመስላቸዋል ብላ ተቃወመች። ከዚያ ቁጥር 13 ነባርና መጤ የሚለውን የአገር ቤት ንትርክ ይዞ መጣ። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሰረዘው፤ ቁጥሩን የማታገኙት ለዚህ ነው። ቁጥር 14 የተሻለውን ምክር ሰጠ፦ ክሪዎች ራሳቸውን ነሂያው ይላሉ፣ ሌላው ነባር ሕዝብ ሚክማውም ሚክማው ነው፤ ሰውን በራሱ ስም ከጠራነው የጅምላ ስም የምንፈልግበት ቀን ጥቂት ነው። እኔ ሌላ ስላጣሁ በ«ነባር» ቀጥያለሁ።

ቁጥር 15 አሳፈረኝ። ጸሐፊው የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ሦስት ጥማድ በሬ የሚያሳርስ ማሳ እንደነበራቸው፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬቱ የሕዝብና የመንግሥት ስለሆነ አርሰው ከማደር በቀር ሊሸጡትም ባንክ ሊያሲዙትም ይችሉ እንዳልነበር አስታወሰን። አባቱ የውሃ ፓምፕ ሊገዙ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው የብድር መኮንኑ የከተማ ቤት ካርታ ጠይቆ መልሷቸዋል። መኮንኑ እኔ ልሁን አልሁን አላውቅም፤ እንደዚያ የመለስኳቸው ገበሬዎች ግን ጥቂት አልነበሩም። ቁጥር 15 ከእኔ በላይ ይህችን ልጅ ሊረዳት የሚገባ ሰው ካናዳ ውስጥ እንደማይገኝ ጻፈ። ልክ ነው።

ጠበቃዋ በቁጥር 16 ንጽጽሩን ወደደችው፣ ግን አልለቀቀችውም። አገር ቤት ሕጉ በገበሬ ሁሉ ላይ ነው የወደቀው፤ እዚህ ግን በዘር ተለይቶ በአንድ ወገን ላይ። ከዚያ የራሷን ቁጥር 3 አረመች። ሰረዝ ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ አይደለም። ማኅበረሰቡ በድምፅ ወስኖ ለሊዝ የለየው መሬት ላይ ያለ የሊዝ መብት ሊያዝ ይችላል፤ ከ1999 ወዲህ ደግሞ በወጣው የመሬት አስተዳደር ሕግ የገቡ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን የመሬት ደንብ አውጥተዋል። ቫንኩቨር መሐል፣ ነዋሪዎቹ በ1913 በጀልባ ተጭነው ከተባረሩበት መንደር ቦታ ላይ፣ የስኳሚሽ ሕዝብ ዛሬ 6,000 ያህል የኪራይ ቤቶች እያስገነባ ያለው መሬቱን ሳይሸጥ ነው። ስለዚህ ቢዝነስ ፋኩልቲ ተማሪዎቹን መደገፍ ከፈለገ ወንበር ይዞ ከመቀመጥ ይልቅ ይህን የሊዝ ነገር ያስተምር፤ ነጮቹም ይማሩት፤ ነገ ባንክ ውስጥ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚያዩት እነሱ ናቸው አለች።

ቁጥር 17 በሰሜን ማኒቶባ፣ ክረምት ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር ብቻ መኪና በሚገባበት መንደር የሠራች ነርስ ናት። አንድ ሱቅ ብቻ እንደነበረና ሁሉም ሰው የንግድ ሐሳብ እንደነበረው ነገረችን። አንዷ በሽተኛዋ በየሳምንቱ ባኖክ ጋግራ ክሊኒክ ትሸጥ ነበር። ባኖክ ምንድን ነው ላላችሁ፣ ከዱቄትና ከስብ የሚጋገር ወፍራም ቂጣ ነው። ነርሷ ከአምባሻ ጋር አመሳሰለችው። ከዚህ በኋላ አንዳንድ መልሶች ባኖክ አምባሻ ነው አይደለም በሚል ክርክር መሐል ተሰነቀሩ። እዘላቸዋለሁ።

ጋሼ በቁጥር 18 ሥራቸውን ሠርተው መጡ። መሬት ካልተያዘ በምን ይበደራሉ የሚለው ሌሊቱን አላስተኛቸውም። ያገኙት የፈርስት ኔሽንስ (የነባር ሕዝቦች) ፋይናንስ ባለሥልጣን የሚባለውን ተቋም ነው፤ በ2005 በወጣ ሕግ የቆመ፣ በፈቃዳቸው አባል የሆኑ ማኅበረሰቦች በአንድነት የሚበደሩበት። መያዣው የማኅበረሰቡ የራሱ ገቢ ነው፤ ገቢው ወደ ማኅበረሰቡ ከመድረሱ በፊት በአደራ ሒሳብ በኩል ያልፋል፣ የብድሩ ድርሻ እዚያው ይቀራል። የአንዱ ድክመት በሌሎቹ ጥንካሬ ይካካሳል። የመጀመሪያውን ቦንድ በ2014 ሸጠ፤ 90 ሚሊዮን ዶላር። ጋሼ ይህ የዕቁብና የዕድር ልጅ ነው ብለው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ምሳሌያቸው በምሥራቅ ካናዳ፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት የሚገኘው የሚክማው ማኅበረሰብ ሜምበርቱ ነው። እዚያው ደሴት ላይ ካለችው ሲድኒ ከተማ ወደብ ዳር በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲነሣ ተፈርዶበት በ1926 ወደ ዛሬው ቦታ ተዛወረ፤ ባሕሩን የወሰዱበት ዓሣ አጥማጅ ሕዝብ ማለት ነው። በ2021 መጀመሪያ ሜምበርቱና ሌላው የሚክማው ማኅበረሰብ ሚያውፑኬክ የመሩት የሚክማው ጥምረት፣ ከአንድ የምግብ ኩባንያ ጋር ሆኖ፣ ክሊርዋተር የተባለውን ትልቅ የባሕር ምግብ ድርጅት በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ከዚያ ውስጥ 250 ሚሊዮኑ በሠላሳ ዓመት የሚከፈል የዚሁ ተቋም ብድር ነው። ጋሼ ግን የሒሳብ ሰው ናቸውና አንድ ነገር አስጠነቀቁ፦ ይህ ብድር ለማኅበረሰብ እንጂ ለግለሰብ አይደለም፤ ለልጅቷና ለአጎቷ የሚሆነው በነባር ሕዝቦች የሚመሩ፣ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ከ50 በላይ አበዳሪ ተቋማት ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጠየቁ። ተማሪዋ ከንብረት ሌላ ብድሩ የሚመለስበትን መንገድ የትም ቦታ አልጻፈችም?

ቁጥር 19 የእኔ ነው፤ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጽፋ ነበር። ስድስተኛው ገጽ ላይ። የማኅበረሰቡ ምክር ቤት የአሳሽ ቡድኑን ስኖሞቢሎችና ጀልባዎች በዓመት ውል እንድትጠግን ፍላጎቱን የገለጸበት ደብዳቤ ቅጂ፣ ከሥሩም ከዚያ ክፍያ በየወሩ ስንት ለብድሩ እንደሚቆረጥ በእጅ የተሠመረ ሠንጠረዥ ነበረ። ገደቡ አምስት ገጽ ስለሆነ አላነበብኩትም። ከአምስት ገጽ በላይ አላነብም ብዬ በሴሚስተሩ መጀመሪያ አስጠንቅቄያለሁ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ቁጥር 20 ምሕረት አላደረገልኝም። ባንክ የለቀቀን ሰው ባንኩ እንደማይለቀው ከነገረኝ በኋላ፣ ክፍል ስገባ ይህ ዩኒቨርሲቲ የቆመው በነባር ሕዝቦች ምድር ላይ ነው የሚለውን ዕውቅና አነብ እንደሆነ ጠየቀኝ። አነባለሁ። ዘወትር ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ስላይድ እሱ ነው። በዚያ ማክሰኞ ሁለተኛው ስላይድ የብድር ቅጹ ነበር።

ቁጥር 21 የተረጋጋ ነው። ጸሐፊዋ በልጅነቷ ከክፍሏ ብቸኛዋ ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ ጂኦግራፊ በመጣ ቁጥር መምህሩ ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ እንድታስረዳ ያስነሷት ነበር፤ እሷ የተወለደችው ከረሃቡ በኋላ አዲስ አበባ ነው። አሁን የክሪዋን ልጅ ጠርቼ አንቀጽ 89ን ለክፍሉ አስረጂ እንዳልላት አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። በሐቅ ልናገር፣ ያሰብኩት ያንኑ ነበር።

ከ22 እስከ 26 ያሉት፣ ባኖኩን ስናወጣ፣ ትምህርቱ ለብቻ ይሁን ወይስ በአንድ ላይ በሚለው ላይ ተፋጠጡ። አንደኛው ወገን ቫንኩቨር አካባቢ የሚገኘው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ ለነባር ሕዝቦች አመራር የተለየ የሥራ አስፈጻሚዎች ማስተርስ እንደሚሰጥ፣ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መምህራኑን ራቅ ወዳለችው ፕሪንስ ሩፐርት ከተማ አካባቢ ልኮ ተማሪው ባለበት እንዳስተማረ አነሳ። ቺፍ (የማኅበረሰብ መሪ) የሆነ ወይም የማኅበረሰቡን ድርጅት የሚመራ ሰው ቤተሰቡንና ሥራውን ጥሎ ሁለት ዓመት ከተማ መቀመጥ አይችልም፤ የሚያስፈልገውም ስለ አክሲዮን ባለቤቶች ሳይሆን ባለድርሻው ገና ያልተወለደ ትውልድ ስለሆነ ድርጅት የሚያስተምር ትምህርት ነው። ሌላው ወገን ዲግሪው የተለየ ከሆነ ቀጣሪው እንደ ግማሽ ያየዋል፣ ዋናው ክፍልም እንደነበረ ይቀራል ሲል ተከራከረ። ቁጥር 25 ሁለቱንም ሰደባቸው። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ጉዳይ ያጣራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች 92ኛው ኩባንያዎች ለሥራ አመራሮቻቸው የነባር ሕዝቦችን ታሪክ እንዲያስተምሩ እንደሚጠይቅ ጠቅሶ፣ መደገፍ ያለበት የማያውቀው ነው፤ እሱም የቢዝነስ መምህሩ ነው አለ። ማንን ማለቱ እንደሆነ ባውቅም ስሜን አልጠራም። እኔ ከሁለቱ ወገን የመጀመሪያው ይበልጥ ይሰማኛል፤ ግን የሁለተኛው ፍርሃት ባዶ አይደለም።

አሽከርካሪው በቁጥር 27 ተመለሰ። ስለ ግብሩ ተሳስቻለሁ አለ። ስለ ወንበሩ ግን አልተለወጠም፤ የእሱን ዲግሪ መዝኖ ዋጋ የሚሰጥ ቅጽም ማንም እንዳላዘጋጀለት ጻፈ። እናታችን በቁጥር 28 ይህ እውነት እንደሆነ፣ ተጠያቂዎቹ ግን ክሪዎች እንዳልሆኑ መለሱለት። ቁጥር 29 አንድ የተሳሳተ መስመር ላይ የተለጠፈ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ነው። ቁጥር 30 ነርሷ በብዙ ልመና የሰጠችው የባኖክ አሠራር ነው፤ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ስብ፣ ውሃ፣ ከሁሉም በላይ ሊጡን አለማሸት። አምባሻ እንዳልሆነ በዚህ ተረጋገጠ።

ቁጥር 31 የእኔ ነው። ስምንቱን ነጥብ መለስኩላት። የሳጥኑን ጽሑፍ ለወጥኩት፤ አሁን የሚጠይቀው ብድሩ በምን እንደሚመለስ፣ ካልተመለሰ ማን ምን እንደሚያጣና ያ ሰው መስማማቱን ነው። ሃያ ስድስቱ ተማሪዎች እንደገና ቢሞሉት ስንቱ እንደሚያልፍ አላውቅም። አዲሱን ቅጽ ሳሳያት እስከ መጨረሻ አነበበችው፤ ከዚያ ጊታሮቹን የጻፈው ልጅ ቀሪውን አራት አገኘ ወይ አለችኝ። ሁለተኛ ጥያቄዋ ገደቡ አምስት ገጽ የሆነው ለምንድን ነው የሚል ነበር። ወረቀት ስለሚበዛብኝ ነው አልኳት። አልተዋጠላትም።